«የምንዳዬ ሠርግ» የተባለው ካሴት

በላይነህ ሲቆጣ አይጮኽም። ካርቱም ውስጥ ባሕሪ በተባለው ሰፈር የምንኖር ሐበሾች ጠባዩን ስለምናውቅ፣ ሲጮኽ ከሰማነው «ዛሬስ ደኅና ነው» እንባባላለን። ዝም ብሎ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የቆለፈ ቀን ግን ጉድ ፈላ ማለት ነው። በ2006 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ ካርቱም እንደ እቶን በምትነድበት ቀትር፣ ቁልፉን ሁሉ ቆልፎ ወደ አርካዊት ሰፈር በሚሄድ፣ ሐፍላ በሚሉት ሚኒባስ ሲሳፈር አየሁትና እኔም ዘልዬ ገባሁ።

«ወዴት ነው?» አልሁት።

«ሰው ልገድል» አለኝ። ድምፁ ዳዊት የሚደግም ሰው ድምፅ ነበር።

ነገሩን ግን ከሥሩ ልጀምር።

በላይነህ የጭልጋ ልጅ ነው። ረኀቡና ጦርነቱ በተጋገዙበት በ1977 ዓ.ም. በመተማ በኩል በእግሩ ወጥቶ፣ ገዳሪፍ ላይ የሰው ማሽላ አጭዶ፣ በመጨረሻ ባሕሪ ደረሰና ከአንድ ሽማግሌ ግብፃዊ ፎቶ ቤት በጠራጊነት ተቀጠረ። መጀመሪያ ወለል ጠረገ፤ ቀጥሎ ፎቶ አጠበ፤ ቀጥሎ ራሱ አነሣ። ሽማግሌው ደክሞት ወደ ልጆቹ አገር ሲመለስ፣ በትከሻ የሚያዝ አንድ የቪዲዮ ካሜራና አንድ የካሴት ማጫወቻ ዴክ ተወለት። ያን ካሜራ ተሸክሞ በባሕሪ መንገድ ሲያልፍ፣ አዲስ ጠመንጃ የገዛ ባላገር ይመስል ነበር።

በዚያን ጊዜ የእኛን ሰው ሠርግና ክርስትና የሚቀርጽ ሌላ አልነበረም። ሙሽራ ያለ በላይነህ ከቤት አይወጣም። «በላይነህ መጥቷል?» ይባላል፤ ካህኑ እንኳ አንገታቸውን አስግገው ይፈልጉታል። ደግ ዘመን ነበር፤ ሰው ከሰው ጋራ የሚፈላለግበት።

ነገር ግን በላይነህን በላይነህ ያሰኘው ሠርግ አይደለም፤ ቀብር ነው። ወደ ሊቢያ ለመሻገር የመንገዳቸውን ገንዘብ ሊሠሩ የሚመጡ ልጆች በወባ ይሞታሉ፤ ከሕንጻ ላይ ይወድቃሉ። ሬሳቸው አገር አይገባም። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሬሳ ሳታይ «ልጄ ሞቷል» ብላ የምታምን እናት ማን ናት? ስለዚህ በላይነህ አንድ ሥርዓት አበጀ። ከግንዘቱ ጀምሮ አፈር እስኪለብስ ድረስ ይቀርጻል። በመጨረሻም ቀባሪው ሁሉ ተራ በተራ ወደ ካሜራው ቀርቦ ስሙንና አገሩን ይናገራል፦ «እኔ እገሌ እባላለሁ፤ የደብረ ታቦር ሰው ነኝ፤ ልጃችሁን እንደ ወንድሜ ቀብሬዋለሁ» ይላል። ካሴቱ በታመነ ሰው እጅ ይላካል። የአገሩ ሽማግሌዎች ማልደው መርዶውን ከተናገሩ በኋላ ለቤተ ሰቡ ይታያል። ሁለተኛው ቅጂ በላይነህ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ሽፋኑ ላይ ግን «ቀብር» ብሎ አይጽፍም። አንድ ጊዜ ጽፎ ተጸጽቷል። ያን ጊዜ መተማ መናኸሪያ ላይ ዕቃ ሲራገፍ ካሴቱ ከመንገደኛው ሻንጣ ወደቀ። አንሥቶ ስሙን ያነበበው፣ ዘመድ ሊቀበል የመጣው የሟቹ አባት ነበር። መርዶን ከካሴት ሽፋን ላይ! ከዚያ ወዲህ በላይነህ ለቀብሩ ሁሉ «የእገሌ ሠርግ» እያለ መጻፍ ጀመረ። እውነተኛውን በአንድ ደብተር ይመዘግበዋል። እኛም «ብልህ ነው» አልን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ምንዳዬ የሞተው በ1994 ዓ.ም. በኅዳር ነው። ካፉሪ ውስጥ በሚሠራ ቪላ ላይ ከእንጨት መወጣጫ ወደቀ፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። እንደ በላይነህ የጭልጋ ልጅ ስለሆነ ቀብሩን በላይነህ መራው፤ ቀረጸውም። ወደ አገሩም መልእክት ላክን። ነገር ግን የልጁ አባት ያረፈው ከሦስት ወር በፊት ነበርና ሽማግሌዎቹ፣ «ለእናቱ ለማዘንጊያ ሁለት ሐዘን በአንድ ዓመት አንጭንባትም፤ እስቲ ይክረም» ብለው መለሱልን። ከረመ። ሌላም ክረምት ከረመ። ነገሩን የያዙት ሽማግሌ ራሳቸው ሞቱ። ካሴቱ «የምንዳዬ ሠርግ» እንደተባለ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

እናቱ ወይዘሮ ማዘንጊያ መንገደኛ ባገኙ ቁጥር «ልጄን አያችሁት?» እያሉ ይልካሉ። እኛ «ወደ ሊቢያ ተሻግሯል፤ ስልክ የለም» እንላለን። በላይነህ አላስችል ብሎት በየፋሲካው የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ቶብ እየገዛ፣ ከልጅዎ ነው እያለ ይልክላቸው ነበር። ደግነት መስሎን ነበር።

ካሴትም እንደ ሰው ያረጃል። ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል በነፈሰ ቁጥር አቧራው በበሩ ሥር ይገባል፤ ክሩ ይሻግታል፤ ዴኩም ካሴት ማኘክ ጀመረ። የበላይነህ ሚስት ዝናሽ ቀልደኛ ናት። «ወይ እነዚህን ኮምፒውተር ላይ አስገልብጥ፣ ወይ እኔን መደርደሪያው ላይ ስቀለኝ፤ አልጋዬ ሥር ሳይቀር ሙሽራ ሞልቶበት እስከ መቼ?» አለችው። እሱም እሺ ብሎ አርካዊት የኮምፒውተር ሱቅ ላለው ለነቢዩ መቶ አርባ ሦስት ካሴት ባጃጅ በምንለው ረክሻ አስጭኖ ወሰደለት። ነቢዩ እዚሁ ካርቱም ተወልዶ ያደገ፣ ከአማርኛው ዐረብኛው የሚቀናው፣ ቅን ልጅ ነው። ደብተሩን ግን በላይነህ አልሰጠውም። ልጁ አይቶ ይለየዋል ብሎ ነው። ወይም ደግሞ፣ ይህን በኋላ ራሱ አምኖልኛል፣ ደብተሩን ሌላ ሰው እንዲያነበው አልፈለገም።

በዚያች ሐሙስ ጠዋት ዝናሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የነጋዴው የበየነ ሚስት አግኝታት «እንኳን ደስ አላችሁ!» አለቻት።

«ምን ተገኘ?»

«አገራችሁ ላሉት ለእማማ ማዘንጊያ ባለቤቴ የልጃቸውን ሠርግ ይዞላቸው ሄደ። ነቢዩ ለቤተ ክርስቲያኑ ማሠሪያ የድሮ ሠርጎችን በፍላሽ ሲሸጥ፣ ባለቤቴ በመንገደኛ ሁሉ የሚያስጠይቁትን የልጃቸውን ስም አይቶ ነው። ‹እናቲቱ ልጄ የት ደረሰ ስትል ትኖራለች፤ መዳሩን ብታይ እንዴት ደስ ይላት!› ብሎ ትናንት በሌሊቱ መኪና ሄደ። ከመነሣቱ በፊት ደውሎም፣ መተማ ንግዱን ጨርሶ ቅዳሜ እንደሚደርስ ነግሯቸዋል።»

በየነ ካርቱም ከገባ አራት ዓመቱ ነው፤ ምንዳዬን አያውቅም። ምንዳዬን ከቀበሩት ከግማሽ የሚበልጡትም ወይ ተሻግረዋል ወይ ባሕር በልቷቸዋል። ዝናሽ ቤቷ የደረሰችው እየሮጠች ነው። እኛም አርካዊት የሄድነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነቢዩ ሲያየን ከወንበሩ ተነሣ። «አህለን ጋሼ! ኸላስ፣ አለቀልዎት እኮ። መቶ አርባ ሦስቱም እዚህች ውስጥ ናቸው» ብሎ የሳሙና ቁራጭ የምታህል ጥቁር ነገር አሳየን።

«የምንዳዬን ክፈትልኝ» አለ በላይነህ።

«የምንዳዬ ሠርግ! ፍላሹ ላይ ሰባተኛው ነው። መግቢያውን አሳምሬዋለሁ፤ አበባና ልብ አድርጌበታለሁ።»

«ልብ?»

«ቀይ ልብ። የምትመታ።»

ከፈተው። ቀይዋ ልብ ስትመታ መጣች፤ ከሥሯ የምንዳዬ ስም በወርቅ ቀለም ተጽፏል። ከዚያ ልቧ ለሁለት ተከፈለችና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች አስከሬን ተሸክመው ወጡ። ነቢዩ አፉን በእጁ ያዘ። በላይነህ ሞቱን፣ እናቲቱን፣ ያልተነገረውን የአሥራ ሁለት ዓመት መርዶ፣ በየነን፣ ሁሉንም በዚያው በለሰለሰ ድምፁ ነገረው። የመጨረሻውን ቃል ሲናገር ብቻ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው።

«ሽፋኑ ላይ ሠርግ ይላል ጋሼ! በእጅዎ ጽፈው ሰጥተውኝ! እኔ ጠንቋይ ነኝ?»

«ዓይን የለህም?»

«አንድ ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሰክቼው ወደ ሥራዬ ነው የምሄደው። ማን ቁጭ ብሎ ያያል? አንዱ የገዛኝ ሰው እንኳ ‹ሙሽሮቹን አላየሁም፤ ሰዉ ሁሉ ያለቅሳል› ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያስ!»

«እኔ ምን ላውቅ! የድሮ ሠርግ እንደዚህ መስሎኝ!»

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። በላይነህ ግን ፊቱ ጠቆረ። «የምትመታ ልብ ትሠራለህ፣ ለራስህ ግን ልብ አልፈጠረብህም! ከብት! የሰው ልጅ ሬሳ ላይ አበባና ሐረግ!»

«ያ ጋሼ፣ ይስደቡኝ፤ አጥፍቻለሁ» አለ ነቢዩ። «ግን የእኔ ጥፋት የአንድ ሳምንት ነው። የእርስዎስ ወላሂ የስንት ዓመት ነው?»

በላይነህ እጁን ሲያነሣ እኔ ያዝሁት። ክንዱ እንደ ብረት ነበር።

እዚያው ቆመን ስልክ መታን። የበየነ የሱዳን ቁጥር ከድንበር ወዲያ አይሠራም። በላይነህ ለአንድ የአክስቱ ልጅ ደወለ። እሱም ሮጦ ስልኩን ለወይዘሮ ማዘንጊያ ንስሐ አባት አቀበለ። ቄሱ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «አሥራ ሁለት ዓመት እናንተ መሸከም ያቃታችሁን እኔ በሁለት ቀን ልሸከም?» ብለው ተቆጡ። «ሴትዮዋ ቤቷን ጎዝጉዛለች። ለቅዳሜ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታለች። ቴሌቪዥን ካለው ቤት ቴሌቪዥን ተውሳለች። ሰማህ? የልጇን ሠርግ ልታይ!» ከዚያ ቁጣቸውን አብርደው ቀጠሉ። «ቅዳሜ ማልደን እንሄዳለን። ነጋዴው ቢቀድመን ግን በአንተ ነው።»

አርብን እንዴት እንዳሳለፍናት አላውቅም። በላይነህ እህል አልቀመሰም። ዝናሽ ልታጽናናው ስትል «ዝም በይ» አላት፤ በሃያ ዓመት ትዳር ይህን ቃል ብሏት አያውቅም። አንድ ጊዜ ነቢዩን ይረግማል፤ አንድ ጊዜ በየነን፣ «ማን ላከው! ማን መልካም አድራጊ አደረገው!» ይላል። ራሱን ግን አልጠራም።

ነጋዴው አልቀደመም። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ቄሱና አራት ሽማግሌዎች በሩን ሲያንኳኩ፣ ወይዘሮ ማዘንጊያ የከፈቱት እየሳቁ ነበር አሉ። ማልደው የመጡ የደስታ እንግዶች መስለዋቸው «ምነው፣ አላስቻላችሁም? ግቡ እንጂ!» ብለዋል። መርዶውን የሰሙት ለሠርጉ በጎዘጎዙት ለምለም ሣር ላይ ነው። ለደስታ የጠመቁትን ጠላ ለቀስተኛ ጠጣው። በየነ ረፋዱ ላይ እልል እያለ ሲደርስ የግቢውን ዋይታ ሰምቶ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ።

በሠልስቱ ማግስት የበላይነህ ስልክ ጮኸ። ሁላችንም እንድንሰማው ድምፁን ከፍ አደረገው።

«በላይነህ ማለት አንተ ነህ?» አሉ ወይዘሮ ማዘንጊያ። ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ሻክሯል።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። እግዚአብሔር ያጽና…»

«ቆይ። ቶቡን ትልክ የነበርህ አንተ ነህ?»

በላይነህ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሰማያዊውን ለብሼ ደብሩ ቆሜአለሁ። ልጄ ላከልኝ ብዬ በሰው ፊት ተመጻድቄበታለሁ። የማነው የለበስሁት? የታናሽ እኅቱን ሠርግ አራት ዓመት አቆይቻለሁ፤ ወንድሟ ይምጣ ብዬ! ልጅቱ ቆማ ቀረች! ለሙት ልጅ እንደ ቁም ሰው ስእለት ስሳል ኖርሁ፤ ተዝካሩን አላወጣሁ፤ ነፍሱን አሥራ ሁለት ዓመት በር ላይ አስቆማችኋት!»

«እኛ እዚህ ፍትሐት አስደርገንለታል፣ እትዬ።»

«እናቱ አላስደረገችም!»

«ለእርስዎ አዝነን ነው…»

«ለእኔ አዝናችሁ! እኔ እዘኑልኝ አልኋችሁ? ሐዘኔ የኔ አይደለም እንዴ? ማን ሰጣችሁና ነው መደርደሪያ ላይ ያስቀመጣችሁት?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነጋዴው ያመጣውን አላየሁም፤ ጥሰው ብዬዋለሁ። አንተ ራስህ ይዘኸው ና።»

በላይነህ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ድንበሩን አልተሻገረም ነበር። ብቻውን ይሂድ ማለት አልሆነልኝም። በምንሄድበት ማለዳ ነቢዩ መናኸሪያው ድረስ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «መቶ አርባ ሦስቱንም አየኋቸው፤ ቁጭ ብዬ። ሰላሳ አንዱ ቀብር ነው። የተሸጡትን ፍላሾች እየዞርሁ ሰብስቤአለሁ፤ ልቧንም አውጥቻታለሁ» ብሎ አዲስ ፍላሽ ሰጠው። በላይነህ ተቀበለው እንጂ አልመረቀውም። ገዳሪፍን፣ ገላባትን፣ መተማን አልፈን በሁለተኛው ቀን ጭልጋ ደረስን።

ወይዘሮ ማዘንጊያ ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ ጥቁር የለበሱ ሴት ናቸው። እጃቸውን አልሰጡንም። «ኖር» የሚል ሰው ሳይኖር ገባን። የተዋሱት ቴሌቪዥን እስካሁን መደቡ ላይ ነበር። «ሰካው» አሉ።

ሁሉንም አዩ። ግንዘቱን፣ ጉዞውን፣ አፈሩን። አላለቀሱም። ቀባሪዎቹ ተራ በተራ ስማቸውን መናገር ሲጀምሩ ግን «አቁመው» አሉ። በላይነህ አቆመው።

«ይሄ ማነው?»

«አጣዬ የሚባል ቦታ ልጅ ነው፣ እትዬ።»

«አሁን የት አለ?»

«ባሕር ላይ ቀርቷል።»

«እናቱ ተረድታለች?»

በላይነህ አቀረቀረ። ወይዘሮ ማዘንጊያ ጥርሳቸውን ነከሱ። «ቀጥል።» እንዲህ እያሉ በእያንዳንዱ ፊት አስቆሙት፤ ማነው፣ የት አለ፣ እናቱ ተረድታለች? ከአሥራ አራቱ ቀባሪዎች ለስድስቱ መልስ አልነበረውም። አንዱ ገና ስሙን ሳይናገር አስቁመው ማነው ሲሉት ስሙ ጠፋበትና በጥፊ የመቱት መስሎኝ ነበር፤ ያዩት ግን እንዲሁ በዓይናቸው ነው።

ሥዕሉ አለቀ።

«አንተ የለህበትም» አሉት።

«ካሜራውን የያዝሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ስትይዘው አላለቀስህም?»

«እጄ ከተንቀጠቀጠ ሥዕሉ ይበላሻል። ለእርስዎ ጥርት ብሎ እንዲታይ ብዬ… በአንዱም ቀብር አልቅሼ አላውቅም።»

«ጥርት ብሎ ታየኝ» አሉ። ተነሥተው በበሩ ደፍ ላይ፣ ከእኛና ከውጭው መካከል ተቀመጡ። «አሁን ምንም አልያዝህም። አልቅስለት።»

«እትዬ…»

«አሥራ ሁለት ዓመት የቀማኸኝን ልቅሶ አልቅስ። ሳታለቅስለት ከዚህ ቤት አትወጣም።»

በላይነህ መዳፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። እንባ በትእዛዝ አይመጣም። ልጃቸው ምሳ ይዛ ገባች፤ ወይዘሮ ማዘንጊያ በጣታቸው መለሷት። ጎረቤት መጥቶ ከበሩ ላይ ሲያያቸው ወደ ኋላው ተመለሰ። ፀሐይዋ ከደፉ ወደ ጉልበታቸው ወጣች። እኔ አንድ ነገር ለማለት አፌን ስከፍት «አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉኝ።

ሲጀምረው ሳል መሰለኝ። ትከሻው ሁለት ጊዜ ተነቃነቀ፤ ከዚያ ድምፅ ወጣው፤ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። ምንዳዬን ጠራ። ቀጥሎ የማላውቀውን ሌላ ስም፣ ከዚያ ደብተር ይሆናል፣ ጠራ። ቀጥሎ ሌላ።

ወይዘሮ ማዘንጊያ ከደፉ አልተነሡም።